ያልተማከርንበት ቦይ

ውድ ልጄ፣ ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ፤ እኔ ደህና ነኝ።

የዝናቡን ውሃ የሚያስተላልፈውን ቦይ ጨርሻለሁ። እንደ ድሮው የግንባታ ተቆጣጣሪነቴ ተዳፋቱን ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ ግራና ቀኙን ሣር ስላለበስኩት ቤታችን ጎርፍ አልገባም። ጎረቤታችንን ግንበኛውን ግን አላማከርኩትም፤ መውጫው የእሱን አጥር ሸርሽሮ ጣለው። ማክሰኞ ሰውየው ቦዩን በድንጋይ ሲደፍን ወንድምሽ ደረሰበት። ግንበኛው፣ «አባትህ ጡረታ ወጥቶም እኛን ሊያርም ነው?» ብሎ ሳቀበት። ወንድምሽ በአካፋ ትከሻውን ሰበረው፤ የግንበኛው ልጆችም የወንድምሽን ሁለት ጥርስ አረገፉ።

እኔ ይቅርታ ጠይቄ መውጫውን አዙሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ወንድምሽን መጥረቢያ ሲስል አገኘሁት። «ለምንህ ነው?» ስለው፣ «ለእንጨት» አለኝ። ግቢያችን ውስጥ አንድም ዛፍ እንደሌለ ታውቂያለሽ። እሱ አንቺን ይሰማል፤ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪለት።

ናፋቂሽ አባትሽ