የረቡዕ አየር

ሰኔ 5

አለቃዬ ዶክተሯ፣ የአየር ተመራማሪዋ፣ ናቸው ጻፍ ያሉኝ። "ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል፤ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ተለማመድ" አሉኝ። ናሙና የምንይዝበት ጠርሙስ ላይ የምለጥፈውን ቀን ሰው ማንበብ አለበት። እሺ፣ ምን ቸገረኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩትን እዚህ እቀጥላለሁ... ማን ያውቃል፣ በዚሁ ደራሲ ሆኜ ቁጭ እል ይሆናል።

ዛሬ ያው ረቡዕ ነው። ኮረብታው ላይ ወጣን። ሳጥኑ እኔ ጀርባ ላይ። ውስጡ ሁለት የመስታወት ጠርሙስ፣ እያንዳንዱ ሐብሐብ የሚያክል። ባዶ ናቸው። ባዶ ስል የምር ባዶ፣ አየር እንኳ የላቸውም፣ በፓምፕ ተመጦ ወጥቷል። ዶክተሯ ጫፉ ላይ ቆመው ቧንቧውን ይከፍታሉ፣ ሽሽሽ ይላል፣ የኮረብታው አየር ይገባል፣ ይዘጋሉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በቃ። እንወርዳለን። ከዚያ ወደ ዋናው ቤተ ሙከራ ይላካል፣ እዚያ ውስጡ ስንት ካርቦን እንዳለ ይለካሉ።

በየሳምንቱ እንዲህ ሲደረግ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው አሉ። እኔ ሁለት ሳምንቴ ነው። ግን እኔ ከመጣሁ ወዲህ ሥራው ነፍስ ዘርቷል፣ ያየ ይናገር።

ሰኔ 8

እራት ላይ የእህቴ ባል ጀመረኝ። ታክሲ ነጂ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመውን ወሬ እኔ ላይ ነው የሚያራግፈው።

"እና አሁን አየር እየተሸከምክ ነው ደሞዝ የምትበላው?"

"ጋሼ፣ ስንቱ ወሬ ተሸክሞ ይበላ የለ" አልኩት። እህቴ ሳቋ አመለጣት።

"እሺ፣ ስንት ነው ይሄ ካርቦን የምትሉት?"

ዶክተሯ እንዳሉኝ ነገርኩት። አየሩን ሚሊዮን ቦታ ብትከፍለው አራት መቶ ሃያ ምናምኑ ነው። እሱ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ከሚሊዮን አራት መቶ? ይሄማ በሾርባ ውስጥ እንደጠፋ ጨው ነው። በዚህ ነው ዓለም የሚሞቀው?"

እኔ ደረቴን ነፋሁ። የመለሰችው ግን እህቴ ናት። የሆቴል አንሶላ ነው የምታጥበው፣ ሌላ ነገር አታውቅም ብዬ ነበር። "አንድ ቀይ ካልሲ ተደብቃ ስትገባ አርባ አንሶላ ሮዝ ይሆናል። ማነሷን አትይ፣ ምን እንደምታደርግ እይ" አለችው።

ማንኪያውን መልሶ አነሳ። በረቡዕ ለዶክተሯ እነግራቸዋለሁ። እኔ ያሰብኩት አስመስዬ።

ሰኔ 12

ነገርኳቸው። "ጎበዝ እህት አለችህ" አሉኝ። እንዴት አወቁ?

መውጣቱ ዛሬ ከበዳቸው። ጉልበታቸው። ሦስት ቦታ ተቀመጡ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። "ሐኪሙ ጉልበቱ ይቀደድ ብሏል። ከዚያ በኋላ ወራት ቤት ነኝ።"

"ታዲያ ጠርሙሱን ማን ይከፍታል?"

አዩኝ። ወደ ኋላ ዞርኩ፣ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ።

እስከ መስከረም መጨረሻ መሞከሪያ ነው። ከሆንኩ ቋሚ ሠራተኛ፣ ካልሆንኩ ሳጥኑን አስረክቤ ወደ ቤቴ። ከዚህ በፊት ስንት ሥራ ጀምሬ እንደተውኩ እህቴ ታውቃለች። እኔ አልቆጥርም።

አሠራሩ ይኸውና። መጀመሪያ አረፍ ትላለህ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል መሆን አለበት፣ ከከተማው በኩል ከሆነ አትከፍትም፣ ትጠብቃለህ። ነፋሱ ፊትህን እየመታ ትቆማለህ። ከፊትህ ሰው የለም፣ እሳት የለም፣ መኪና የለም። ትንፋሽህን ትይዛለህ። ጠርሙሱን ከራስህ በላይ ዘርግተህ ትከፍታለህ፣ ትዘጋለህ። ከዚያ ብቻ ትተነፍሳለህ።

"ለምን?" አልኳቸው።

"ከአፍህ የሚወጣው አየር ካርቦኑ ከዚህ አየር መቶ እጥፍ ይበልጣል።"

እኔ ትንፋሽ መያዝ? ሐይቁ ውስጥ ገብቼ "ይሄ ልጅ ሞተ" ብለው ያለቀሱልኝ ሰዎች አሉ። ከእኔ በላይ ላሳር።

ሰኔ 26

ዛሬ ብቻዬን! ያው ብቻዬን እንኳ አልነበርኩም። ሰው ባላየው ጀግንነት ምን ዋጋ አለው? የኳስ ጓደኞቼን፣ ጎራዳውንና ቀጮን፣ ጠራኋቸው። በየትኛውም ጨዋታ እኔ በረኛ ነኝ፣ ጎራዳው አምበል፣ ቀጮ ተጠባባቂ። ተጠባባቂ ማለት ውሃ የሚያመጣው ነው።

አንደኛውን ጠርሙስ ከፍቼ ስዘጋ ነው የደረሱት፣ ምላሳቸው እስከ ደረታቸው። "አመለጠን? ድገመዋ" አለ ጎራዳው። ሁለተኛውን አወጣሁ። ፊት ለፊቴ ቆሙ፣ በደንብ እንዲያዩኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። ቀጮ "ዓይኑን እዩት፣ ሊፈነዳ ነው" ሲል ሁለቱም በሳቅ ወደቁ። እኔ ንቅንቅ አላልኩም። ትንፋሽ የለ፣ ሳቅ የለ። ዘጋሁት።

ዶክተሯ ቢያዩኝ ያለቅሱ ነበር።

ሐምሌ 20

ዶክተሯ ቤት ተጠራሁ። እግራቸው ትራስ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ጭናቸው ላይ። ለሙገሳ የተጠራሁ መስሎኝ ሸሚዝ ቀይሬ ነበር የሄድኩት።

የሰኔ 26 ጠርሙሶች ውጤት መጥቷል። ሁለቱ መስማማት አለባቸው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት የተሞሉ ናቸውና። አልተስማሙም። አንደኛው ደህና ነው። ሁለተኛው በሠላሳ ይበልጣል።

"የዚህ ጠርሙስ ቧንቧ ሞቷል ማለት ነው" አሉ። "እንዲጣል እጽፋለሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዋናው ቢሮ ድሮም ይሄን ኮረብታ እንደ ሸክም ነው የሚያየው፣ እንዲህ ያለ ብልሽት ከተደጋገመ ይዘጉታል አሉ። የሃያ ዓመት ልፋት።

"ጠርሙስ ነዋ፣ ያረጃል" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው የመጣልኝ። ነፋሱ ፊቴን ይመታል... እነሱ ፊት ለፊቴ... ሁለት ሰው ዳገት ወጥቶ እያለከለከ፣ አፉን ከፍቶ እየሳቀ። የእኔን ትንፋሽ ያዝኩ። የእነሱንስ ማን ያዘው?

እራት አልበላሁም። እህቴ "አሞሃል?" አለች። አላመመኝም አልኳት።

ሐምሌ 21

ጠዋት ሄድኩ። ከነገርኳቸው ሥራው አለቀ። ካልነገርኳቸው ጤነኛ ጠርሙስ ይጣላል፣ ኮረብታውም ስሙ ይጠፋል። ይሄን እያሰብኩ በራቸው ላይ ቆሜ ሳላንኳኳ ከፈቱልኝ፣ በመስኮት አይተውኝ።

"ዶክተር፣ ጠርሙሱ ጤነኛ ነው። ያ ካርቦን የጎራዳው ነው። ትንሽም የቀጮ።"

"የማን?"

ነገርኳቸው። ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮሁም። መጮህ ይሻላል። ክራንቻቸውን መሬቱ ላይ አንዴ መታ አድርገው፣ "ጠርሙስ ይገዛል። ያ ረቡዕ ግን ከየት ይገዛል?" አሉ።

ወደ በሩ ዞርኩ።

እሳቸው ግን ና ብለው ኮምፒውተሩን አሳዩኝ። የሃያ ዓመቱ ረቡዕ ሁሉ ነጥብ ነጥብ ሆኖ፣ ነጥቦቹ መስመር ሠርተዋል። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፣ ይወጣል ይወርዳል። "ዝናብ ሲመጣ ተክሉ ሁሉ ቅጠል ያወጣል፣ ካርቦኑን ከአየር እየሳበ ራሱን ይሠራበታል። መስመሩ ይወርዳል። ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ሲበሰብስ፣ ይመለሳል። ይወጣል።"

አየሁት። ወጣ... ወረደ... ወጣ...

"ትተነፍሳለች እንዴ?" አልኩ። "ምድር?"

"እንደዚያ በለው። ችግሩ ይሄ ነው" ብለው በጣታቸው ጥርሶቹን ተከተሉ። እያንዳንዱ ጥርስ ካለፈው ከፍ ያለ ነው። ከመሬት ውስጥ ቆፍረን ያወጣነው ከሰል፣ ያቃጠልነው ነዳጅ፣ የቆረጥነው ጫካ። ስንት ሚሊዮን ዓመት ተቀብሮ የኖረውን በአንድ ሰው ዕድሜ እናወጣዋለን።

እና ጫፉ ላይ አንድ ክፍተት። የሰኔ 26። ጤነኛዋ ጠርሙስ ብቻዋን አትታመንም፣ መስካሪ የላትም።

"ሳጥኑን ላምጣ?" አልኳቸው፣ ላስረክብ ማለቴ ነው።

"ረቡዕ ማን ሊወጣ?" አሉኝ። "ሂድ አሁን፣ ከዓይኔ ጥፋ።"

ነሐሴ 20

ሰፈሩ ሁሉ ስለ ጨዋታው ነው የሚያወራው። የዋንጫ ፍጻሜ። ከወፍጮ ሰፈር ጋር። ቀኑ ተነገረ... ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት።

ምንም አይደል። ጠዋት ወጥቼ፣ ሞልቼ፣ ወርጄ፣ ጓንቴን አጥልቄ። ጎራዳው "አንተ ከሌለህ አለቀልን" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ነሐሴ 22

ሦስት ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ነበርኩ። ነፋሱ ከከተማው። የዳቦ ቤቱ ጭስ፣ የመንገዱ ናፍጣ፣ ሁሉም አፍንጫዬ ውስጥ። ተቀመጥኩ።

ስድስት ሰዓት። ከከተማው።

ስምንት ሰዓት። ከከተማው። ድንጋይ ወረወርኩበት። ነፋስ ላይ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያነበዋል። ብከፍተው ማንም አያውቅም ነበር። ያኔ የተያዝኩት ሁለቱ ጠርሙሶች ስላልተስማሙ ነው። የከተማውን አየር ሁለቱም ላይ እኩል ብሞላው ይስማማሉ። ሁለቱም እኩል ይዋሻሉ። ቢሮው ይደሰታል፣ እኔ ቋሚ እሆናለሁ፣ ዋንጫውንም አነሳለሁ። እጄ ቧንቧው ላይ ነበር።

ከዚያ ያ መስመር ትዝ አለኝ። ነጥቧ ትቀመጣለች... የሆነ ሰው፣ ገና ያልተወለደ፣ አንድ ቀን ያያታል፣ ያምናታል።

እጄን አነሳሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ፊሽካው ከታች ተሰማ። ጩኸቱ ሁሉ ይሰማል። ጎል ሲሆን አውቃለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ጆሮዬን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም።

ነፋሱ የዞረው ፀሐይ ልትወርድ ስትል ነው። መጀመሪያ ሣሩ ተኛ። ከዚያ የሐይቁ ቅዝቃዜ ፊቴን መታው። ተነሳሁ፣ አረፍኩ፣ ያዝኩ፣ ከፈትኩ። ሽሽሽ። ሁለተኛውንም።

ስወርድ ሰፈሩ በጭፈራ ተናውጧል። አሸንፈናል። ፍጹም ቅጣት ምት ተይዞ ነው። የያዘው ቀጮ ነው። ቀጮ። ውሃ የሚያመጣው። ትከሻ ላይ አውጥተው እያዞሩት ነበር፣ ከላይ ሆኖ "የት ጠፍተህ ነው በረኛው?" አለኝ።

ምን እላለሁ? "ነፋስ እየጠበቅኩ" ብላቸው በሳቅ ያብዳሉ። እሱኑ አልኳቸው። አበዱ።

መስከረም 27

ዶክተሯ ያለ ክራንች በሩን ከፈቱልኝ። በዱላ ብቻ። የነሐሴ ውጤት መጥቷል። ሁሉም ረቡዕ ተስማምቷል። የነሐሴ 22ቷን ነጥብ በጣታቸው ነኩልኝ። የሰናፍጭ ፍሬ አታክልም። ቀጮ ካነሳው ዋንጫ ብትሻልም ባትሻልም... እኔ ግን አልለውጣትም።

"የዚያን ቀን ምን ሰዓት ነው የሞላኸው? ጠርሙሱ ላይ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው የሚለው።"

"ነፋሱ እምቢ ብሎኝ።"

"ጨዋታ አልነበራችሁም?"

ማን እንደነገራቸው እንጃ። "ነበር" ብቻ አልኩ። እሳቸውም የቋሚነቱን ወረቀት አቀበሉኝ።

መስመሩ ወርዷል! ከሰኔ ጀምሮ ቁልቁል። "ዶክተር፣ አሸነፍን እኮ" አልኳቸው። ሳቁ። ቅጠሉ ነው ሥራውን የሠራው፣ አሁን ደግሞ ይወጣል፣ ዘንድሮ የወረደበትም ካምናው ከፍ ይላል አሉ። ከፋኝ። "ታዲያ ምን ዋጋ አለው?"

"ስማ" አሉኝ። "በየዓመቱ ከምናወጣው ግማሹን ያህል ባሕሩና ተክሉ ይወስዱልናል። ማንም ሳያመሰግናቸው። ለዘላለም ይችላሉ ብለህ አትተኛ፣ ግን ብቻችንን አይደለንም። እኛ ደግሞ ማውጣቱን ብናቆም ይሄ መስመር ሽቅብ መሄዱን ይተዋል። ቁስል እያከኩት አይድንም። ካላከኩት ግን..."

አልጨረሱትም። ገብቶኛል።

ማታ ለእህቴና ለባሏ ነገርኳቸው፣ እንዳለ፣ ሳልጨምር። እሱ ሾርባውን እየጠጣ "እኔም ተራ ስጠብቅ ሞተር ማጥፋት ጀምሬያለሁ" አለ። "ለነዳጁ ብዬ ነው፣ አንተን ደስ እንዲልህ አይደለም።"

እህቴ "ለሁለቱም ይሁን፣ ምን ትጎዳለህ" አለችው።

ጥቅምት 6

ወጣሁ። ነፋሱ ከሐይቁ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ሳጥኑን ስከፍት ቀጮ ደወለ።

"የት ነህ?"

"ሥራ ላይ።"

"እንዴት ያለ ሥራ ነው ሁሌ ረቡዕ? አሁን እኮ ምንም አትነግረንም።"

ልነግረው ነበር። ስለ መስመሩ፣ ስለ ነጥቧ፣ እኔ ባልኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር... ብዙ አለኝ፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ተሰልፏል። ሣሩ ተኛ። ቅዝቃዜው ፊቴን መታው።

"ቆይ" አልኩት።

ስልኩን አጠፋሁ። አፌን ዘጋሁና ጠርሙሱን ከፈትኩ።