ሦስተኛዋ ደረጃ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክ አታነሳም፤ ስለዚህ ጻፍኩ። ደብዳቤ እንደሆነ መሃል ላይ «ተይው በቃ» ብለህ አታቋርጠውም።

ባለቤትህ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ልጅህን እጇን ይዘህ መንገድ ማሻገር ከተውክ ሰባት ወር ሆነህ አሉ። «እናቷ ትያዛት፣ እኔ ሰው አልመራም» ትላለህ አለችኝ። ሰባት ወር ማለት እማዬ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ነው። ቆጥሬዋለሁ።

እንግዲህ የማውቀውን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ድሮም «ደረቅ ነሽ» ትለኝ የለ? በደረቁ ስማኝ።

ያ የነደፍኩት ቤተ መጻሕፍት ገና የካርቶን ሞዴል እያለ፣ የቀለም ቅብ ሥራህን ስትጨርስ ቱታህን ሳታወልቅ ቢሮዬ ብቅ ትል ነበር። ከሞዴሉ ጎን በቀደድኳት ቀዳዳ ማየት ትወድ ነበር። «እዚች ላይ እንኳን እኩል ነን፤ ሁሉም በአንድ ዓይን ነው የሚያየው» እያልክ ትስቃለህ። ኖራ ግራ ዓይንህን ካጠፋው ወዲህ ቅርብና ሩቁን የምትለየው በጥላና በቀለም ነበር። የጓዳው ግድግዳ ጠቆር ሲል ወደ ሰው እንደሚቀርብ፣ ሲነጣ እንደሚርቅ፣ ባለቀለም ወረቀት እየቀያየርክ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። መምህሮቼ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ቀን የጠረጴዛ መብራቱን አንስተህ እንደ ፀሐይ ከጠዋት ወደ ቀትር አዞርከው። ልክ አናቱ ላይ ስታደርሰው ቆምክ።

«ካርቶኔ፣» አልከኝ እንደ ልማድህ፣ «ደረጃዎቹ ስንት ናቸው?»

«ሦስት።»

«እኔ የማየው ሁለት ነው። ሦስተኛዋ ከወለሉ ጋር ተደባልቃለች። ጫፏን ጠቆር አድርጊያት።»

ግራጫ በግራጫ ላይ፣ ከላይ የመስታወት ጣሪያ፤ ሁለት ወር ሙሉ የተኩራራሁበት ሐሳብ ነበር። ጥቁር መስመር ያበላሸዋል ብዬ ፈራሁ። ከወረቀቴ ቀና እንኳ ሳልል «ደረጃውስ ደህና ነው፤ ችግሩ ያንተ ዓይን ነው» አልኩህ።

መብራቱን ቦታው መልሰህ «እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለህ ወጣህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ደግሞ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ይዤ ነበር።

በቤተ መጻሕፍቱ ምረቃ ቀን ንግግሩ ተንዛዝቶ ስድስት ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ ከመስታወቱ በላይ ቀጥ ብላ ነበር፤ ደረጃው ላይ አንዲት ጥላ የለም። እማዬን እጇን ይዘሃት አንደኛዋን ወረዳችሁ፣ ሁለተኛዋን ወረዳችሁ። ከዚያ እማዬ ወለሉ ላይ የደረሰች መስሏት ረገጠች። ዳሌዋ የተሰበረው ያኔ ነው።

አክስታችን «ምነው ሰዎች፣ አንድ ዓይን ላለው ሰው ታስይዟታላችሁ?» ብላ ጮኸች። አንተ ቀና ብለህ እኔን አየኸኝ። ምላሴ ተሳስሮ ነበር ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን አልተሳሰረም። አሠሪዎቹ አጠገቤ ነበሩ፣ እጄ ላይ አበባ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። በሳምንቱ ዕቃህን ጭነህ ከተማ ቀየርክ።

ከዚያ ወዲህ እዚያው ቦታ ሁለት ሰው ወድቋል። ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ሄጄ እኔም ወረድኩ። ደረጃዎቹን የሳልኳቸው እኔ ነኝ፣ ስንት እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ሁለቱም ዓይኖቼ ጤነኛ ናቸው። ሦስተኛዋን ሳትኳት። ጉልበቴ ተላጠ። ዘበኛው ሲያነሳኝ «አይዞሽ እትዬ፣ እሷ ደረጃ ትልቅ ትንሽ አትልም፤ ሁሉንም ነው የምትጥለው» አለኝ።

በማግስቱ ስህተቱ የንድፉ መሆኑን፣ ንድፉም የእኔ መሆኑን ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁ። የሚሉኝን ገና አልሰማሁም። ጫፏ ግን ሐሙስ ጠቆር ተደርጎ ይቀባል።

ለእማዬም ነገርኳት። ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔማ ድኛለሁ፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለሱ ንገሪው እንጂ» አለች። ምርኩዟን እያነሳች ደግሞ «ስወድቅ እኮ እጄን አልለቀቀም። አብሮኝ ነው የወደቀው» አለች።

ይህን አላየሁም ነበር፣ ጋሼ። አጠገባችሁ ቆሜ፣ በሁለት ዓይኔ፣ ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ብቻ ነበር የማየው።

ይቅር በለኝ። አፍሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅበትም። አዲስ ሥራ ጀምሬያለሁ፣ የሕፃናት ክሊኒክ ነው። ገና ካርቶን ነው፣ ሙጫም አልነካውም፤ ቀዳዳዋንም ቀድጃታለሁ። ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ባትመጣም አልቀየምህም።

አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ነገ ጠዋት ልጅህን እጇን ይዘህ አሻግራት።

እህትህ፣
ካርቶኔ