በየገናው ከቤታቸው የወጡት የአቶ ዴልመር ተትል የሕይወት ታሪክ

በ1958 የገና ዋዜማ ልጃችን ቬልዳ፣ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ አባዬ እዚያ ውስጥ ሆኖ ‹በዛሬ ሌሊት ሰው ከቤቱ አይወጣም› ይላል። ታዲያ እሱ ለምን ወጣ?» አባቷ በዚያ ሰዓት ባርስቶው ከተማ ውስጥ ለሌላ ሰው ልጆች ከረሜላ እያደሉ ነበር። እኔም «የዱባ ፓይሽን ብዪ» አልኳት።

የሕይወት ታሪክ በመወለድ እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ ቬልዳም ነግራኛለች። ስለዚህ አሁን ወደዚያ እመለሳለሁ።

አቶ ዴልመር ተትል ከአባታቸው ከአቶ አንሰል ተትልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዜልማ ብራንት በማርች 14 ቀን 1926 በኦላንቻ ተወለዱ። አባታቸው ወደ ተራራ ለሚወጡ ዓሣ አጥማጆችና አዳኞች በበቅሎ ዕቃ ጭነው የሚያደርሱ ሰው ነበሩ። አቶ ዴልመርም ከመራመዳቸው በፊት ኮርቻ ላይ ተቀምጠዋል። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። እናታቸው ሲናገሩ እንደሰማሁት ግን አካላቸው ክፍል ውስጥ፣ ዓይናቸው በመስኮት ውጭ ነበር።

በ1944 ለውትድርና ተጠርተው በጣሊያን ተራሮች ላይ በበቅሎ ጥይትና ስንቅ ሲያመላልሱ ቆይተው በሰላም ተመለሱ። በጦርነቱ ስላዩት ነገር ለእኔም ለልጆቻቸውም አንድ ቃል አልነገሩንም። ስለ በቅሎዎቹ ግን አውርተው አይጠግቡም ነበር።

በጁን 1949 እኔን ኦርፋ ሊንድሲን በሎን ፓይን ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገቡ። እኔ የጥጥ ለቃሚዎች ልጅ ነኝ። ከኦክላሆማ ወጥተን ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ስንዞር፣ አንዱን ትምህርት ቤት ጀምሬ ሳልጨርስ ወደ ሌላው ስሄድ፣ ማንበብ ሳልችል አደግሁ። አቶ ዴልመር ይህን አውቀው አገቡኝ፤ አንድም ቀን በሰው ፊት አላሳፈሩኝም። የመድኃኒቱን ጠርሙስም የመንገዱን ምልክትም እርሳቸው ያነቡልኝ ነበር። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ሌላውን በየተራው እናገራለሁ። በ1951 ቬልዳን፣ በ1954 ሮይስን ወለድን።

ከሠርጋችን በኋላ አቶ ዴልመር የፊልም እንስሳት ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። ከሎስ አንጀለስ የሚመጡት ሰዎች ከከተማችን ከሎን ፓይን በላይ ያሉትን ድንጋዮች ይወዷቸው ነበር። እኛ ልብስ የምናሰጣበትን ድንጋይ እነርሱ በፊልማቸው አንዴ ቴክሳስ፣ አንዴ አሪዞና ያደርጉት ነበር። በ1953 ቢርዲ የምትባል አመዳም በቅሎ ገዙ። በቤታችን ውስጥ ከሁላችን በላይ የፊልም ሥራ የገባት እርሷ ነበረች። ዳይሬክተሩ «አክሽን» ሲል መሄድ፣ «ካት» ሲል መቆም እንዳለባት ማንም ሳያስተምራት ለመደች። ስለዚህ በግቢያችን ያቺ የመጀመሪያዋ ቃል ተከለከለች። ልጆቹ ያቺን ቃል ከሚናገሩ ስድብ ቢናገሩ ይቀልላቸው ነበር።

ሮይስ በሦስት ዓመቱ ቃሏን ከየት እንደሰማት እንጃ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ተናገራት። ቢርዲ የጎረቤታችንን የወይዘሮ ፍሎሲ ሃርትን የልብስ ገመድ አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች ሄደች።

«ዴልመር! አንሶላዬ ወደ ኔቫዳ እየሄደልህ ነው!» ብለው ወይዘሮ ፍሎሲ ጮኹ።

«አይዞሽ ፍሎሲ» አሉ አቶ ዴልመር ባርኔጣቸውን እየፈለጉ፣ «ሳይደርቅ አይደርስም።»

በኦገስት 1957 «የሦስቱ ጅረት ሰዎች» የሚባለው ተከታታይ ፊልም የገና ክፍሉን ሊቀርጽ ወደ እኛ መጣ። በኦገስት! ድንጋዩ ላይ እንቁላል በሚጠበስበት ሙቀት ተዋንያኑ የሱፍ ካፖርት ደርበው ቆሙ። በረዶው ከጨውና ከሳሙና ቅንጣት የተሠራ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሦስት ወንድማማቾች በገና ሌሊት ይጣላሉ፤ ታላቁ ሽጉጡን ታጥቆ ሌባ ሊያሳድድ ሊወጣ ሲል፣ በቅሎ የሚስብ አንድ የማይታወቅ እንግዳ ከበረዶው ውስጥ ብቅ ይልና «በዛሬ ሌሊት ሰው ከቤቱ አይወጣም» ይለዋል። ታላቁም ይቀራል። እንግዳው ግን በቅሎውን ይዞ ተመልሶ ወደ በረዶው ይሄዳል።

እንግዳውን እንዲሆን ከሎስ አንጀለስ የመጣው ተዋናይ ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ ቢርዲን ግን መያዝ አልቻለም። ቢርዲ ጨው አገኘች። በረዶውን ትልሳለች፣ በገመዱ ብትጎተት ሰውየውን ጎትታ ትልሳለች። ከሰዓት በኋላ ተዋናዩ በሙቀቱ ራሱን ስቶ ወደቀ። ዳይሬክተሩም «ይህቺ በቅሎ የምትሰማው ሰው ማነው? ካፖርቱን ለእሱ አልብሱት» አለ። አቶ ዴልመር ለብሰው ገቡ፣ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ወጡ። ነገሩ በዚህ ማለቅ ነበረበት።

በዚያ ዓመት በገና ፊልሙ ሲታይ ወይዘሮ ፍሎሲ ቤት ተሰብስበን አየን። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ በየገናው ይደገም ጀመር፤ በየከተማውም ያሉ ነጋዴዎች የገናውን እንግዳ ከነበቅሎው ለሰልፋቸው መጥራት ጀመሩ። አቶ ዴልመር በኖቬምበር መጨረሻ ከሚውለው የምስጋና በዓል ማግሥት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቢርዲን ተጎታቹ ላይ ጭነው ይወጣሉ፤ በመሐል ልብስ ሊቀይሩ ብቅ ቢሉም፣ ጨርሰው የሚመለሱት ገና ካለፈ በኋላ ነው። በየከተማው አደባባይ ቆመው ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ይመክራሉ። የእኔ ልጆች አባታቸውን በቴሌቪዥን እያዩ ይበላሉ። እንዲህ ያለ ነገር በምን ቃል እንደሚነገር አሁንም አላውቅም።

በ1966 ሮይስ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ዲሴምበር «አባዬ ዘንድሮም ካልመጣ ከዚህ በኋላ ና ብዬ አልጠይቅም» አለኝ። የዚህ ልጅ ፊት አስፈራኝ። አቶ ዴልመርን ይዤ ቃል አስገባኋቸው፤ የዋዜማው ሰልፍ ቢሾፕ ከተማ እኩለ ቀን ላይ ነው፣ በዐሥር ሰዓት ቤት ገብተን አብረን እንበላለን። እንዳያመልጡኝም ጥብሱን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ሁለቱን ልጆች ይዤ፣ እኔው ራሴ ፒክአፑ ውስጥ ገባሁ።

ሰልፉ ደኅና አለፈ። ሊያልቅ ሲል ሚስተር ስፔክ የሚባሉ ባለ ሱቅ በድምፅ ማጉያ «እስቲ ያቺን ነገር በልልን!» አሉ። እንደ ሁልጊዜው ቢርዲ ላይ እንደተቀመጡ ተናግረው ቢወርዱ ምን ነበረበት? አቶ ዴልመር ግን ልጆቻቸው እያዩአቸው ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው «ሚስተር ስፔክ፣ ልክ እንደ ቀረጻው ይሁን። መጀመሪያ አንተ ‹አክሽን› በል» አሉ። ለአሥር ዓመት ያህል በቤታችን የከለከሉትን ቃል!

ቬልዳ «ኧረ አባዬ፣ ቢርዲ!» ብላ ጮኸች። ሚስተር ስፔክ ግን ቃሏን በድምፅ ማጉያ አሏት።

ቢርዲ ሄደች። በመዘምራኑ መሐል አልፋ፣ የዳቦ ቤቱን ጠረጴዛ ገልብጣ፣ የሰሜኑን መንገድ ይዛ ሄደች። አቶ ዴልመር ጀርባዋ ላይ ሆነው «ካት! ካት!» ይላሉ፤ ሕዝቡ ትርኢት መስሎት በጭብጨባ ድምፃቸውን ይውጠዋል። ቬልዳ ሮጣ «ካት» ለማለት ድምፅ ማጉያውን ልትይዝ ብትል ሚስተር ስፔክ «ቆዪ ልጄ፣ የመዝሙሩ ተራ ነው» ብለው ከለከሏት። አጠገቤ የቆመ አንድ ሰው «ሲለማመዱት ስንት ጊዜ ፈጀባቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አርፈህ ቁም!» አልኩት።

ከከተማው ውጭ ያለው የውኃ ቦይ ዘንድ ጣለቻቸው፤ ጭናቸው ተሰበረ። የገናውን ጥብስ በሆስፒታሉ ኮሪደር በሶፍት ይዘን በላን። ነርሶቹ አቶ ዴልመርን አውቀዋቸው እየሳቁ ይገቡና ይወጡ ነበር፤ እርሳቸውም ጀሶ ውስጥ ሆነው ይቀልዱላቸዋል። ሮይስ ግን አልበላም። «ብላ እንጂ፣ አባትህ አጠገብህ ነው» ስለው «የገና ራት የሚበላው ቤት ነው» አለኝ።

አቶ ዴልመር እስከ ጸደይ ድረስ ቤት ተኙ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ሁልጊዜ የሚያገኟቸው በዚያን ጊዜ ብቻ ነበር። ሮይስን የገመድ ቋጠሮ አስተማሩት፤ እርሱም ልቡ ትንሽ ለስልሶላቸው ነበር። እኔም «ተመስገን፣ እግሩ ተሰብሮ ልቡ ተመለሰ» ብዬ አመንኩ። በቀጣዩ ኖቬምበር መጨረሻ ምርኩዛቸውን ይዘው ካፖርቱን ከቁም ሣጥን ሲያወጡ አየኋቸው።

«ዴልመር፣ ምን ጎደለብህ? ንገረኝ» አልኳቸው።

«እዚያ ስደርስ ሰው መንገድ ይለቅልኛል፣ ኦርፋ። እዚህ የበቅሎ ሰው ነኝ።»

«እዚህ አባት ነህ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» ብለው ሄዱ። ሮይስ ሊሰናበታቸው ከክፍሉ አልወጣም። እንዳለውም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም።

በ1973 ሮይስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ወደ አላስካ ሄዶ በኬቺካን በዓሣ ጀልባ ላይ ተቀጠረ። ቬልዳ የከተማችንን የጎማ ጠጋኝ፣ ሌስተር ኦግልን፣ አግብታ እዚሁ ቀረች። ቢርዲ በ1979 በእርጅና ሞተች፤ አቶ ዴልመር ከግቢያችን ጀርባ ቀበሯት። ሌላ በቅሎ ይዘው ጥቂት ዓመት ሞከሩ፤ ነገር ግን የዘመኑ ልጆች ፊልሙን አያውቁትም፤ አንዱ ሕፃን «ሽማግሌው ማነው?» ብሎ ጠይቋቸዋል። በ1986 ዲሴምበር ማንም አልደወለም። አቶ ዴልመር ካፖርታቸውን አዘጋጅተው ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። ያን ሁሉ ዘመን ቤት እንዲቀሩ ስለምናቸው ኖሬ፣ ሲቀሩ ማየቱ ለካ እንዲህ ይከብዳል።

ከዚያ ወዲህ ገናን ሁሉ ቤት ናቸው። በየዓመቱ ሮይስ ጋ እየደወሉ «ዘንድሮስ ትመጣለህ ወይ ልጄ?» ይላሉ። እርሱም በትሕትና «ሥራ አለብኝ አባዬ» ይላቸዋል። ስልኩን ሲዘጉ ወደ እኔ ያያሉ። «አየህ» አላልኩም ብል እዋሻለሁ፤ አንድ ዓመት ብያቸዋለሁ። ሄደው የሮይስን ወንበር ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

በ1988 ቬልዳ ገፋፍታኝ በቤተ መጻሕፍቱ የጎልማሶች ንባብ ክፍል ገባሁ። አቶ ዴልመር ጋዜጣውን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ያዝዙኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆሙት ሰውዬ በአንድ ጊዜ መምህር ሆኑ። «እሷን ፊደል ዘለልሻት፣ ተመለሺ» ይሉኛል። አንድ ዜና ለመጨረስ ሁለት ጊዜ እንጣላለን። ቢሆንም አንድም ጠዋት ሰልችተው አልተነሡም። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በእጄ የጻፍኩት በዚያ ምክንያት ነው።

በ1997 መከር ላይ ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ነገረን። ቀድሞ ለሮይስ የሚጽፈው የቬልዳ እጅ ነበር፤ በዚህ ጊዜ እኔ ራሴ «አባትህ ታሟል። ና። እናትህ» ብዬ ጻፍኩለት። ሮይስም የእኔን ጽሕፈት ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም ነበር። በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍቶ ገባ። ጸጉሩ ሸብቷል። አቶ ዴልመር ቀና ብለው አይተውት «ጀልባውን ማን ያዘልህ?» አሉት።

«ሰው አለ፣ አባዬ።»

«ታዲያ ቁጭ በላ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

ይቅርታ አልተባባሉም። በላን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሮይስ አባቱን ይላጫል፣ ይደግፋል፣ ያገላብጣል፤ አቶ ዴልመርም ምላጩን እንደማይችልበት ይነግሩታል፤ እርሱም «በዓሣ ላይ ነው የተማርኩት፣ ዝም ብለህ ተኛ» ይላቸዋል። ከወጥ ቤት ሆኜ ስሰማቸው እንደ ሌሎች ቤቶች ይጨቃጨቁ ነበር።

አቶ ዴልመር ተትል ጃንዋሪ 11 ቀን 1998 ጠዋት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸውን ኦርፋን፣ ልጆቻቸውን ቬልዳ ኦግልንና ሮይስ ተትልን፣ እንዲሁም ሁለት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

እግዚአብሔር ለሰውም ለበቅሎም መንገድ ያሳያል። ዴልመርንም በቤቱ ይቀበላቸው፤ ጌታ ሆይ፣ ከገቡም በኋላ እባክህ በሩን ዝጋው።

የሮይስ የመመለሻ ትኬት ለዲሴምበር 29 ነበር። ቀኑ አልፏል። ዴልመር ሄደዋል፤ ሮይስ ግን አልሄደም።