ወይዘሮ ኦቲሊያ ክራይኛክ፣ የኦልደን ቤት እናት

ወይዘሮ ኦቲሊያ ሳቦል ክራይኛክ ከአባታቸው ከአቶ ዩራይ ሳቦልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዙዛና ፔትሪክ፣ በስሎቫክ አገር ኩሪማ በምትባል መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 14 ቀን 1889 ተወለዱ። ለቤተሰቡ አራተኛ ልጅ ነበሩ። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማሩት የእርሻ ሥራ በማይኖርበት በብርዱ ወራት ብቻ ነው። ማንበብ የለመዱት ከጸሎት መጽሐፍ ስለነበር እስከ መጨረሻው ድረስ ጋዜጣም ቢሆን የሚያነቡት እንደ ጸሎት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1905፣ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሽቴፋን ወደሚኖሩበት ወደ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ብቻቸውን ተጓዙ። ወንድማቸው የሽቦ ፋብሪካ ሠራተኞችን በደባልነት ያኖሩ ነበር። ቀን የሚሠሩት ሲነሱ ሌሊት ሲሠሩ ያደሩት እዚያው አልጋ ላይ ይተኛሉ። ወይዘሮ ኦቲሊያ ለሁሉም ያበስሉና ያጥቡ ስለነበር፣ በዚያ ቤት አንሶላ ቀዝቅዞ አይቼ አላውቅም ይሉ ነበር።

በ1907 በጋ የወንድማቸው ልጅ ሕፃን ማርጊታ በተበላሸ ወተት ምክንያት ታመመች። ከመንገዱ ጫፍ ካለው ከኦልደን ቤት ነርስ መጥታ ሁለት ቀን ብትደክምም ሕፃኗ አልተረፈችም። ነርሷ ባርኔጣዋን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አስከሬኑን ከወይዘሮ ኦቲሊያ ጋር አብራ አጠበች። ከቀብሩ በኋላ ወይዘሮ ኦቲሊያ ይህች ሴት የምትኖርበትን ቤት ላየው አሉና ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ዓመት ተመላለሱበት።

ኦልደን ቤትን በ1899 ያቋቋሙት ሚስ ኮርኔሊያ ፌልፕስ ነበሩ። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ከሀብታሞቹ ሰፈር እየመጡ ከመመለስ ይልቅ እዚያው በፋብሪካው ጭስ ውስጥ መኖርን መረጡ። በቤቱ ንጹሕ ወተት ይታደላል፣ እንግሊዝኛ ይሰጣል፣ ገላ መታጠቢያ አለ፣ የሠራተኛ እናቶች ልጆችም ይውሉበታል። በመጀመሪያው ዓመት ለጋሾች ፒያኖ ሰጥተው ነበር፤ መቀመጫ የሰጠ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሚስ ፌልፕስ፣ የሚመጣ ሁሉ ከቤቱ አንድ ወንበር ይዞ ይምጣ፣ ከመቀመጫው ሥርም የቤተሰቡን ስም ይጻፍ አሉ። በችግር የተጀመረው ነገር ውሎ አድሮ የቤቱ ሕግ ሆነ። ወንበር ያስገባ ቤተሰብ አባል ነው፤ በዓመቱ ስብሰባም ድምፅ ይሰጣል። ወንበሩን የወሰደ ድምፁንም ወሰደ ማለት ነው። ስሎቫኮቹ ጣሊያኖቹን፣ ጣሊያኖቹም በኋላ የመጡትን ሃንጋሪዎች እያጉረመረሙ የተቀበሉት በዚህ ሥርዓት ነው።

ወይዘሮ ኦቲሊያ በ1910 የሽቦ ፋብሪካ ሠራተኛ ከሆኑት ከአቶ ሚሃል ክራይኛክ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። የተዋወቁት በኦልደን ቤት የእንግሊዝኛ ክፍል ሲሆን፣ አቶ ሚሃል የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አጥንተው ሲጨርሱ ወደ ወይዘሮ ኦቲሊያ ዞረው ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደ ሰላምታ ነገሯቸው። "ይህ መጽሐፍ ነው" የሚል ነበር። ከወለዷቸው ልጆች ከጨቅላነት ያለፉት ዮዜፍ፣ አናና ፓቮል ብቻ ናቸው።

በ1918 የኅዳር በሽታ ከተማውን ሲያዳርስ የቤቱ አዳራሽ የሕሙማን ማቆያ ሆነ። የሬሳ ሣጥኖቹ ፊት ለፊት በተዞሩ ወንበሮች ላይ ያርፉ ነበር። የአራት ዓመቷ አናም በዚያ አረፈች። ወይዘሮ ኦቲሊያ ልጃቸውን ቀብረው ሲመለሱ ሚስ ፌልፕስ ወደ ቤትሽ ሂጂ ቢሏቸው፣ "እዚያ ምን አለኝ? ድስቱን ስጪኝ" ብለው የሕሙማኑን ሾርባ መቅዳት ቀጠሉ።

በ1922 የሕፃናት መዋያው ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ። ፋብሪካዎቹ በተዘጉባቸው ዓመታት መዋያውን አንድም ቀን ሳይዘጉ አቆይተዋል። ሚስ ፌልፕስ በ1931 አረፉ። የወይዘሮ ኦቲሊያ የበኩር ልጅ ዮዜፍ በ1944 በጣሊያን ጦር ሜዳ ወደቁ።

ከጦርነቱ በኋላ ከደቡብ የመጡ ጥቁር ቤተሰቦች በሰፈሩ መኖር ጀመሩ። በኦክቶበር 1947 አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአላባማ የመጡት ወይዘሮ ኤርሊን ታቨርስ ሁለት ልጆቻቸውን ወደ መዋያው ለማስገባት፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የኩሽና ወንበር ተሸክመው ከኦልደን ቤት ደጃፍ ደረሱ። የቤቱን ሥርዓት ከጎረቤት ሰምተው ነበር። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ሚስተር ሎሪንግ በሩ ላይ ቆመው፣ የቤቱ አስተዳዳሪ ቦርድ ጉዳዩን እስኪያየው ቢጠብቁ ጥሩ ነው አሏቸው። ወይዘሮ ታቨርስም "መጠበቅ ከሆነ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ፤ ወንበር እንደሆነ ይዣለሁ" አሉና እዚያው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

ወይዘሮ ኦቲሊያ እጃቸውን እየጠረጉ ከመዋያው ወጡ። "ተነሺ ልጄ። አንቺ በዚያ ያዢ፣ እኔ በዚህ። በሩ ጠባብ ነው፣ ጣትሽን እንዳይልጠው" አሉና ወንበሩን አብረው አስገቡ።

በማግስቱ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሰዎች ወንበራቸውን ሊወስዱ መጡ። የተሳደበ የለም። ገብተው ሰላም ይላሉ፣ ወንበራቸውን ገልብጠው ስማቸውን ያያሉ፣ በመሐረባቸው አቧራውን ጠርገው ይወጣሉ። የአቶ ሽቴፋን ምራት "ቴታ፣ አትቀየሚኝ፤ ባሌ ውሰጂ ብሎኝ ነው" አሉ። ቴታ በስሎቫኮች ዘንድ አክስት ማለት ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው በዚህ ስም ነበር። አንድ ሰው በሩ ላይ ዞር ብሎ "እንግዲህ ስብሰባችሁን ቆማችሁ አድርጉ!" ሲል ውጭ ያሉት ሳቁ።

አመሻሽ ላይ አቶ ሚሃል ከልጃቸው ከፓቮል ጋር መጡ።

"ወንበራችን የቱ ነው?" አሉ።

"ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጠህበት ጠፋህ?" አሏቸው ወይዘሮ ኦቲሊያ።

"ሰው ምን ይለናል ኦቲሊያ? ነገ ከነዚህ ሰዎች ጋር በፋብሪካው በር የምገባው እኔ ነኝ።"

"የሷም ባል በዚያው በር ነው የሚገባው።"

ወንበሩን ያወጡት አቶ ፓቮል ናቸው። በአዳራሹ የቀሩት ቤተሰባቸው ያለቀ ሰዎች ወንበሮችና ሰማያዊው የእነ ታቨርስ ወንበር ብቻ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት እነዚያው እናቶች ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መዋያው መጡ። ወይዘሮ ኦቲሊያ አንዱንም አልመለሱም። ልጆቹ ሁሉ፣ የእነ ታቨርስም ጭምር፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ወተታቸውን ጠጡ።

የዓመቱ ስብሰባ በጃንዋሪ 1948 ተካሄደ። ወንበራቸውን የወሰዱት ቤተሰቦች በሙሉ መጥተው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። ቤቱ እንዲዘጋ የፈለገ ከመካከላቸው አልነበረም። ኦልደን ቤት እነ ታቨርስን አሰናብቶ፣ በሉ ወንበራችሁን መልሱ ብሎ የሚለምናቸው መስሏቸው ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ ግን ባዶውን አዳራሽ አይተው፣ የምናገለግለው ሰፈር ትቶን ሄዷል፣ ስለዚህ ቤቱ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀርባለሁ አሉ።

"እንዴ! እኛስ ምንድን ነን?" የሚል ጩኸት ተነሣ።

"በደንባችሁ መሠረት አባል አይደላችሁም" አሉ ሰብሳቢው።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ኦቲሊያ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ "ልክ ናቸው። እኔም ድምፅ የለኝም፤ ባሌ ወስዶታል። እዚህ ድምፅ ያላት አንድ ሰው ናት። ጠይቋት።"

ሰው ሁሉ ወደ ወይዘሮ ታቨርስ ዞረ። እሳቸውም ከወንበራቸው ሳይነሱ "እንዳይዘጋ" አሉ። ይህን ብቻ ነው የተናገሩት። ሰብሳቢው በአንድ ቤተሰብ ድምፅ ቤት አይተዳደርም ብለው ጉዳዩን ለቦርዱ አስተላለፉ፤ ቦርዱም ወሰነ። ከግድግዳው ሥር ከቆሙት መካከል ቢያንስ አንዱ በዚያች ሰዓት ወደ ቤቱ ሮጦ ወንበሩን ቢያመጣ ኖሮ የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ማንም አልሄደም።

ኦልደን ቤት በጁን 1948 ተዘጋ፤ በ1954 ለአውራ ጎዳና ሥራ ፈረሰ። በ1950 አቶ ሚሃልና አቶ ፓቮል እንደ አብዛኛው የሰፈሩ ሰው ከክሊቭላንድ ዳር ወዳለችው ወደ ፓርማ ሲዛወሩ ወይዘሮ ኦቲሊያ አልሄድም አሉ። ሳይፋቱ ተለያይተው ኖሩ። አቶ ሚሃል በ1956 ሲያርፉ ሄደው ቀበሯቸውና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሳሎናቸው ውስጥ ከወይዘሮ ታቨርስ ጋር የሰፈሩን ልጆች ይጠብቁ ነበር። የቦታው ጥበት፣ የከሰል እጦትና የጤና ተቆጣጣሪዎች ክልከላ ሥራውን ደጋግሞ አስቆመባቸው። ኦልደን ቤት በእሳቸው ሳሎን ቀጥሏል ብሎ መጻፍ ደስ ባለን ነበር፤ እውነቱ ግን አልቀጠለም።

አቶ ፓቮል በየገናው ስጦታ ያመጡላቸው ነበር፤ ነገር ግን ከመኪናቸው አይወርዱም። ወይዘሮ ኦቲሊያ ወደ መኪናው መስኮት ወጥተው ይቀበሏቸዋል። አንድ ዓመት በረዶው በርትቶ ሳለ "ግባ እንጂ ልጄ፣ ሻይ ጠጣ" ሲሏቸው "ልጆቹ ይቸኩላሉ እማዬ" አሉ። ልጆቹ በኋላ ወንበር ተኝተው ነበር።

በኖቬምበር 1961 ወይዘሮ ኦቲሊያ በድንገት ወድቀው የቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ ንግግራቸውም ተያዘ። ሲያገላብጧቸው፣ ሲያጥቧቸውና ሲያበሏቸው የቆዩት ወይዘሮ ታቨርስ ናቸው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1962 በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ በራሳቸው ቤት፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወይዘሮ ኦቲሊያ ልጃቸውን አቶ ፓቮልን፣ ምራቶቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ወይዘሮ ኤርሊን ታቨርስንና ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። የእነ ታቨርስ ስም ከቤተሰቡ ጋር እንዲጻፍ ሟቿ ገና መናገር ሲችሉ አደራ ብለዋል።

ከቀብሩ ሥነ ሥርዓት በኋላ ምሳ የሚዘጋጀው በወይዘሮ ታቨርስ ቤት ነው፤ ይህም የሟቿ ፈቃድ ነበር። አቶ ፓቮልና ከፓርማ የሚመጡት ዘመዶች ወደዚያ ቤት ይግቡ አይግቡ፣ ይህ ጽሑፍ እስከ ታተመበት ሰዓት ድረስ አላሳወቁም። ወይዘሮ ታቨርስ ለስንት ሰው እንደሚያበስሉ ሲጠየቁ "ለሁሉም ነዋ። ካልመጡ ይተርፋል" ብለዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአናና ከዮዜፍ ጋር ያገናኝልን። እኛንም ከመቃብሩ በር ላይ ከመበታተን ይጠብቀን። አሜን።