ብብት ውስጥ ስለተገኘው የርቀት መለኪያ

ለአደን ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ
ባሉበት፣ ማለትም ምድጃው አጠገብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን ብርቱ ምኞት እገልጻለሁ። በተለይ ጣቶችዎ እንዴት ሰነበቱ? የእኛ ጣቶች በዚህ ብርድ ከጓንት ሲወጡ የማን እንደሆኑ እስኪጠፋን ድረስ ስለሚደነዝዙ፣ ያን ሁሉ ወረቀት በየቀኑ የሚፈርሙት የእርስዎ ጣቶች ነገር ያሳስበናል። ባለቤትዎ፣ ጸሐፊዎና ቢሮዎ ጥግ ላይ ያለችው እሳት የማይለያት ምድጃ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ሬዲዮና የልብስ ስፌት መኪና የምጠግነው ሰውዬ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ እየሰበርኩ የተማርኩት ነው፤ የሰበርኩባቸው ደንበኞችም ይመሰክራሉ። በሕይወቴ አድኜ አላውቅም። አዳኟ የእህቴ ልጅ ናት። በብርዱ ወራት አጋዘኖች ከጫካ እየወረዱ የፖም ችግኝ ቅርፊት ስለሚግጡ፣ ባለ አትክልቶቹ ቁጥራቸውን እንድትቀንስላቸው ይቀጥሯታል፤ የምትኖረውም በዚሁ ሥራ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ የአደን ፈቃዷን አግዶታል። በመጪው ሐሙስ ደግሞ ኮሚቴዎ ተሰብስቦ ፈቃዱ እስከ መጨረሻው ይሰረዝ እንደሆነ ይወስናል። ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ በፖስታ የላክኋቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች ምናልባት ምድጃዋን ለማሞቅ ጠቅመው ከሆነ ደስታዬ ወደር የለውም።

ቅሬታ እንዳይመስልብኝ ሐሳቤን በምስጋና መልክ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባወጡት መመሪያ አመሰግናለሁ። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው፤ ሽሙጡ ሲጀምር ራስዎ ያውቁታል። ማንኛውም አዳኝ ከመተኮሱ በፊት ርቀቱን በሌዘር መለኪያ እንዲያረጋግጥና ከሁለት መቶ ሜትር በላይ እንዳይተኩስ ማዘዝዎ ትክክል ነው። ከሩቅ የተተኮሰበት እንስሳ ቆስሎ ያመልጥና ቁጥቋጦ ውስጥ ሲማቅቅ ይሰነብታል። የእህቴ ልጅ መመሪያው የወጣ ቀን «አሁን ገና ሰው የሚባል ነገር አሰበ» ብላ ነበር፤ እርሷ ባለሥልጣን ስታመሰግን ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ትኩሳት ይዟት እንደሆነ ግንባሯን ነካሁ።

መለኪያው ለማያውቀው ሰው፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ መነጽር ነው። በዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑ አጋዘኑ ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀበትን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን በሜትር ይናገራል። ጽሕፈት ቤትዎ ለየአዳኙ አንድ አንድ አድሏል። የባትሪውን ክዳን ማንም እንዳይነካካው በማኅተም አሽጎታል። በተጨማሪም መለኪያው ሁልጊዜ ከካፖርት በላይ፣ ደረት ላይ፣ ለተቆጣጣሪ በሚታይ ሁኔታ እንዲንጠለጠል አዝዟል። ልክ እንደ ሜዳሊያ።

ሁለተኛ። ስለ ሙከራው አመሰግናለሁ። መለኪያዎቹ ሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት በጥንቃቄ እንደተሞከሩ ጽፈዋል። እውነት ነው፤ የተሞከሩት በጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር ውስጥ፣ ከመዝገብ ቤቱ በር እስከ ሻይ ክፍሉ በር ድረስ ነበር። እኔም የእህቴን ልጅ አጅቤ ስለመጣሁ አይቻለሁ። ኮሪደሩ በጣም ከመሞቁ የተነሳ አዳኞቹ ሁሉ ካፖርታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። ተቆጣጣሪዎ መለኪያውን ወደ ሻይ ክፍሉ በር አነጣጠሩ፤ ቁጥሩ ፏ ብሎ መጣ፤ እኛም አጨበጨብን። ከኋላ የቆመ አንድ ሽማግሌ አዳኝ «እዚህ ሕንፃ ውስጥ አጋዘን ቢገባ አለቀለት» ሲል የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ማን እንደሳቀ ሲያጣሩ ስለነበር አሁን መዝገቡን መዝጋት ይችላሉ።

ከዚያ ብርዱ መጣ። በረዶውም መጣ። ደረት ላይ እንደ ሜዳሊያ የተንጠለጠለው መለኪያ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ደህና ነው። ጫካው ዳር ሲደርሱ የመስኮቱ ቁጥሮች ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሰ ሰው ቀስ እያሉ ነው የሚነሱት። ትንሽ ቆይቶ ባትሪው በቃኝ ይላል፤ በሌላ እንዳይቀየር ክዳኑ በእርስዎ ማኅተም ታሽጓል። ትንፋሽ ያገኘው እንደሆነ መስተዋቱ ላይ ጉም ይጋግራል፤ ጉሙም እዚያው ይደርቃል። ጓንት አድርገው ቁልፉን ቢጫኑ አይሰማም፤ ጓንቱን ቢያወልቁ ጣትዎ አይሰማም። ይህን ሁሉ አልፎ ከሠራ ደግሞ የሚወርደው በረዶ ብርሃኑን ከመንገድ እየመለሰ አጋዘኑን ትቶ አፍንጫዎ ሥር ያለችውን ብናኝ ይለካልዎታል። ከመለኪያው ጋር በካርቶን ውስጥ የመጣችው ትንሽ የአጠቃቀም መጽሐፍ ይህንኑ ገና በሁለተኛው ገጽ ላይ ታስጠነቅቃለች፤ እርስዎም እንዳነበቧት እገምታለሁ፤ ምክንያቱም የቀድሞ አዳኝ ነዎት፤ ብርድ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

እኔ በበኩሌ ለመፍትሔው አስተዋጽኦ ለማድረግ ሞክሬ ነበር። ለመለኪያው የሱፍ ኮፍያ ከነማሰሪያው ሹራብ ሠርቼ ሰጠኋት። የእህቴ ልጅ ወደ ላይ ወደ ታች አገላብጣ አየችውና «አጎቴ፣ ይኼ እኮ እንዳንተ ደም የለውም፤ ሹራብ ቢደርቡበት ሙቀቱን ከየት ያመጣዋል?» አለችኝ። ኮፍያው አሁን የስኳር ዕቃ ላይ ነው። እርሷ ያገኘችው መላ ከእኔ ይሻላል፤ አብዛኛው የብርድ አገር አዳኝም የሚያውቀው ነው። መለኪያውን ከካፖርቷ ሥር፣ ብብቷ ውስጥ ይዛ ትሄዳለች፤ አጋዘን ስታይ አውጥታ ትለካለች፤ መልሳ ታስገባዋለች። ሰው እስከሞቀ ድረስ መለኪያውም ይሞቃል። ይሠራልም።

ሦስተኛ። በተቆጣጣሪዎ ንቃት አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ጠዋት የእህቴ ልጅ በአንዲት ባለ ፖም ወይዘሮ አትክልት ቦታ ነበረች። አጋዘን አየች፤ መለኪያውን ከብብቷ አወጣች፤ መቶ አርባ ሜትር አለ፤ መልሳ አስገብታ አንድ ጊዜ ብቻ ተኮሰች፤ አጋዘኑም በቆመበት ወደቀ። ወይዘሮዋ ከመስኮት ሆና አይታለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ተቆጣጣሪዎ ከአትክልቱ ዳር ካለው የዶማና የአካፋ ማስቀመጫ ጎጆ ጀርባ ተደብቀው ኖሯል። ወጥተው «መለኪያሽ የት አለ?» ብለው ጠየቋት። እርሷም ያደገችበት ቤት መጥፎ ነውና በእውነት መለሰችላቸው። «ብብቴ ውስጥ።»

ተቆጣጣሪዎ ለማጣራት የራሳቸውን መለኪያ ከደረታቸው ላይ አነሱ፤ እርሳቸው መመሪያ አክባሪ ናቸው። መለኪያው ዝም። ነቀነቁት፤ ዝም። እንደ ትኩስ ሻይ እፍ አሉበት፤ መስተዋቱ ታወረ። በመሐረብ ጠርገው፣ ጓንት አውልቀው፣ አንዱን ጓንት በረዶ ላይ ጥለው እንደገና ሲሞክሩ በረዶው መውረድ ጀምሮ ነበርና ስምንት ሜትር አላቸው። አጋዘኑ ከማዶ፣ ከአጥሩ ሥር ተጋድሟል። እርሳቸው ወደ አጋዘኑ አዩ፤ ወደ መለኪያው አዩ፤ ከዚያ ያመኑት መለኪያውን ነው።

ስለዚህ በክሱ ላይ የሰፈረው ቃል እንዲህ ይላል፦ ተከሳሿ ከስምንት ሜትር ላይ የተኮሰች ሲሆን የጽሕፈት ቤቱን ንብረት በሰውነት አካሏ ውስጥ ደብቃ ተገኝታለች። ክቡር ሆይ፣ በስምንት ሜትር ላይ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ አጋዘን ካለ፣ ያ አጋዘን ሊጠይቃት የመጣ ዘመድ መሆን አለበት። ደግሞም በራስዎ ክስ መሠረት ከሁለት መቶ ሜትር እጅግ በጣም ባነሰ ርቀት ላይ ስለተኮሰች መመሪያውን ማንም ባላከበረው መጠን አክብራለች ማለት ነው። ለዚህም ሽልማት ካለ አንጠላም። የሚቀረው የብብቱ ነገር ነው። እህቴ፣ የልጅቷ እናት፣ ዜናውን ከሰማች ጀምሮ ሰፈር ውስጥ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። «ልጄ ሰረቀች ቢሉኝ እከራከር ነበር፤ ከሥራ ያስወጣት ብብቷ ነው ብዬ ለማን ልናገር?» ትላለች።

አራተኛውን ነጥብ የእህቴ ልጅ ረቂቁን ስታነብ ሰርዛዋለች። ስለ ጢምዎ ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝ ብዬ አልፌዋለሁ።

አምስተኛ። ይህ ምስጋና አይደለም፤ ስላቁንም ለአፍታ ላስቀምጠው። የእህቴ ልጅ ከታገደች ወዲህ ሌሎቹ አዳኞች ተምረዋል። አሁን ሁሉም መለኪያውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚወጣው። መለኪያው በድን ነው፤ ግን ይታያል። ተቆጣጣሪዎ ያዩታል፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። አዳኙም ርቀቱን በዓይኑ ይገምትና ይተኩሳል፤ በበረዶ ላይ ደግሞ ሁሉ ነገር ቅርብ ይመስላል። እንጨት ቆራጩ ጎረቤታችን ባለፈው ሳምንት ወንዙ ዳር የኋላ እግሯ በጥይት የተሰበረ አጋዘን አገኘ። በሆዷ እየተሳበች የመጣችበት መስመር በረዶው ላይ እስከ ጫካው ድረስ ይታይ ነበር። መጥቶ ሲነግረን የእህቴ ልጅ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ለመተረብ የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁ፤ ይህ ደግሞ በእኔ ዘንድ ብዙ ጊዜ አይሆንም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ይፍረዱ። መመሪያው የወጣው እንዲህ ያለችው አጋዘን እንዳትኖር ነበር። በዚህ ብርድ ከመተኮሷ በፊት በእውነት የለካች አንዲት ሰው ብትኖር እርሷ ናት፤ የታገደችውም እርሷ ናት። ሳይለኩ የተኮሱት በሙሉ ሕጋዊ ናቸው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፈቃዷን ይመልሱላት። መለኪያው በብርድ ወራት ከካፖርት ሥር እንዲያዝ በአንድ መስመር ይፍቀዱ። ከተቻለም የባትሪውን ክዳን ማኅተም ያንሡ፤ አዳኞች ባትሪውን ብቻ በውስጥ ኪሳቸው አሙቀው ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ የማንም ብብት የጽሕፈት ቤትዎ አጀንዳ አይሆንም። መመሪያ ማሻሻል ክብር ይነካል ብለው ከሰጉ፣ ሐሳቡ ከራስዎ እንደመጣ አድርገው ያውጁት፤ እኔ በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለሚያገኘኝ ሁሉ የእርስዎ ነው ብዬ እምላለሁ። እንዲያውም እንዴት ያለ ሰው ነው እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ውድ ጊዜዎን ከምድጃዋ ላይ ነጥቄ ስላስነበብኩዎ፣ ወደ እኔ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ቢኖር ሱቄ ክፍት መሆኑን እየገለጽሁ፣ የሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ ካለዎትም በነፃ ልሰብርልዎ ዝግጁ መሆኔን እያረጋገጥሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የተከሳሿ አጎት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የእህቴ ልጅ አንድ ቃል ጨምርልኝ አለች። ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ግቢዎ ውስጥ፣ በረዶው ላይ ቆማ ትጠብቅዎታለች። እርስዎ መለኪያዎን መመሪያው እንደሚያዝዘው ከካፖርትዎ በላይ አንጠልጥለው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ከደጃፍዎ እስከ እርሷ ያለውን ርቀት አንብበው ከነገሯት፣ ፈቃዷ እንዲሰረዝ ያለ ክርክር በገዛ እጇ ትፈርማለች። እኔ እንዲህ ያለ ውርርድ በባለሥልጣን ላይ ግፍ ነው ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም። ቢሆንም አይጨነቁ፤ የምትቆመው ቅርብ ነው። ቁጥሩ አልመጣም ካለ ድምፅዎ ይደርሳታል፤ «ፈቃድሽን ውሰጂ» ለማለት ደግሞ ባትሪ አያስፈልግም።