የጄኔሬተር ሠራተኛው የወንድማችን የ“ጋሽ ቆይ” የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው ኅዳር 9 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እሳቸው ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን የጻፈችው ደግሞ የመጨረሻዋ እህታቸው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ “አንተ” ስትለው የኖረችውን ወንድሟን ዛሬ አንቱ ብላ መጻፍ ትንሽ አስቸግሯታል፤ ቢሆንም ወጉ ነውና ታደርገዋለች።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ፣ በእጅ ጽሕፈት ግን የመምህራን መከራ ነበሩ። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የአባታቸውን የስፌት መኪና ሞተር ውስጡን ለማየት ፈትተው መግጠም ስላቃታቸው አባታቸው ሁለት ቀን ሥራ ፈትተው ዋሉ። በ1963 ዓ.ም. ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው የኤሌክትሪክ ሥራ ከተማሩ በኋላ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ለስምንት ዓመት ሠሩ። በ1974 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ።

ጊዜው መብራት በየሁለት ቀኑ የሚጠፋበት ነበር። ዳቦ ቤቱም ክሊኒኩም ማተሚያ ቤቱም ጄኔሬተር እየገዛ “ዛሬውኑ ግጠምልን” ይላቸው ነበር። እንደ ደንቡ ከሆነ መቀያየሪያ መግጠም ያስፈልጋል፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ቤቱን ከውጭው መስመር የሚለየው እሱ ነው። መቀያየሪያ ግን እንደ ልብ አይገኝም፣ ደንበኛውም ይቸኩላል። ስለዚህ ወንድማችን በሁለቱም ጫፍ ፒን ያለው ሽቦ እየሠሩ አንዱን ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን የግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩ ነበር። ባለቤቱ አስቀድሞ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ማጥፋት አለበት። ከረሳ፣ የጄኔሬተሩ ኃይል ወደ ኋላ ሄዶ መንገድ ላይ ያለው ምሰሶ ድረስ ይወጣል። ወንድማችን ይህን ያውቁ ነበር። “አደራ፣ እንዳትረሱ” ብለው ይሄዱ ነበር። ነገሩን ሳናለዝብ የጻፍነው እሳቸው እንዳናለዝበው ስላዘዙን ነው።

በሰኔ 1979 ዓ.ም. የዳቦ ቤቱ ባለቤት ረሱ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ምሰሶ ላይ ወጥተው የነበሩት የመብራት ኃይል የመስመር ሠራተኛ ሽቦው ኃይል የለውም ብለው ሲነኩት ተመተው ወደቁ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ኃይሉ ከየት እንደመጣ ማንም አላወቀም። ወንድማችን ዳቦ ቤቱ ገብተው የሠሩት ሽቦ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ አዩና ወጡ። ዝም ቢሉ ተድበስብሶ ይቀር ነበር። ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ሄደው አልጋው አጠገብ ቆሙና “ያን ሽቦ የሠራሁት እኔ ነኝ” አሉ።

የመስመር ሠራተኛው “ስንት ቤት እንዲህ አድርገሃል?” ብለው ጠየቁ። ወንድማችን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። “እንግዲያው ይቅርታህን አቆየውና ሂድ ንቀል” አሏቸው። ከዚያ ወንድማችን በራሳቸው እግር ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ፤ የተፈረደባቸውን ስድስት ወርም ታስረው ወጡ። በወጡ ማግሥት መንቀል ጀመሩ።

ችግሩ፣ የትኛውን ቤት እንደሠሩ የጻፉበት ወረቀት አልነበረም። በዚያ ሙያ ማንም አይጽፍም። ከገዟቸው ፒኖች ተነሥተው ሲያሰሉ ሠላሳ ስምንት ቤት ሆነ፤ የሚያስታውሱት አሥራ ዘጠኙን ብቻ ነበር። ለቀሩት የነበራቸው ዘዴ መብራት ሲጠፋ ወጥቶ የጄኔሬተር ድምፅ መከተል ነው።

በ1981 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። ሰው መብራት ሲጠፋ ሻማ ይፈልጋል፤ እሳቸው ጫማቸውን ይፈልጉ ነበር። በጋብቻቸው ሰሞን መብራት በጠፋ ቁጥር ባላቸው ውልቅ ብለው ሲሄዱ ነገሩ ያላማራቸው ባለቤታቸው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በስውር ተከተሏቸው። ያገኟቸው የአንድ ጋራዥ በር ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ነው። ታሪኩን የሰሙት የዚያን ዕለት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጫማውን የሚያቀብሉት ራሳቸው ሆኑ። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆችም ወልደዋል።

ሽቦው ይነቀል ሲባል ሁሉም ሰው እሺ አላለም። “ይኸው ስንት ዓመት ሠራ፣ ምን ሆነ?” የሚል ብዙ ነበር። ይህን የሰሙት የመስመር ሠራተኛ አብረው መሄድ ጀመሩ። ነገር አያበዙም፤ የቤቱ ባለቤት መከራከር ሲጀምር ቀኝ እጅጌያቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ይቅርታው መቼ እንደተሰጠ እኛ አናውቅም፣ ሁለቱም ነግረውን አያውቁም። ብቻ ለወንድማችን ሴት ልጅ ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

ወንድማችን በሙያ ትምህርት ቤት ለአሥራ ሰባት ዓመት አስተምረዋል። ተማሪ ማብሪያ ላይ እጁን ሲያሳርፍ “ቆይ!” እያሉ ስለሚጮሁ “ጋሽ ቆይ” የሚለው ስም እዚያ ወጣላቸው። ቤትም ያው ነበሩ፤ እሳቸው ሳያዩ የልብስ መተኮሻ እንኳ መሰካት አይቻልም ነበር። በእውነቱ ከሆነ ያሰለቹን ነበር። አሁን ግን ያንን “ቆይ!” አንዴ ለመስማት ምን በሰጠን።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ተኝተው ሳሉ መብራት ጠፍቶ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ሲነሣ ነርሷን ጠርተው “የዚህ ሰውዬ ዘይት አልተቀየረም” አሏት። ነርሷ ሳቀች፤ ሲታይ ግን እውነትም አልተቀየረም ነበር። መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠላሳ ስድስት ቤት ነቅለዋል። ሁለት ቀርቷል። ይህ በቀብር ላይ ይነበብ ወይስ አይነበብ ብለን ቤተሰቡ ተጣልተናል፤ ይህን የጻፍኩት እኔም አይነበብ ካሉት አንዷ ነበርኩ። እሳቸው ግን “ያን ያህል ሰው አንድ ላይ የሚገኘው የዚያን ቀን ነው” ብለው አዘዋል። ስለዚህ ከ1974 እስከ 1979 ዓ.ም. በእናንተ ወይም በወላጆቻችሁ ቤት ጄኔሬተር ያስገቡላችሁ ካላችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ቤት የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መናገሩን እንደ ነውር አትቁጠሩት። ነውሩን እሳቸው ወስደውታል።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ ለባለቤታቸው፣ ለሦስቱ ልጆቻቸው፣ ለእህትና ወንድሞቻቸው፣ ከፊት ለተቀመጡትና እንደ ወንድም ለሆኗቸው ለመስመር ሠራተኛውም መጽናናትን ይስጥ። እንደ አባቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነችው ልጃቸው መውጫው በር ላይ ትቆማለች። አድራሻውን ብቻ ንገሯት፤ ነገ ጠዋት ትመጣለች።