ዕድሜው አንድ የሆነ ጥቅል

ከአክስቴ ቤት፣ ማክሰኞ ኅዳር ፱ ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ከርመሻል እማዬ? ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽን አሁንም ይይዝሻል? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ አክስቴም እንደ ልጇ ነው የያዘችኝ።

እንዲህ ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ባለፈው ደውለሽ «ለመሆኑ እዚያ የምትማሪው ምንድን ነው?» ስትዪኝ ስልኩን ለአክስቴ የሰጠኋት ሥራ ይዤ ስለነበር አይደለም። አፌ ተሳስሮብኝ ነው። በወረቀት ይቀለኛልና ስሚኝ።

የምማረው ኢንተርኔት የሚዘረጉ ሰዎች ሱቅ ውስጥ ነው። በስልክሽ የምትልኪው ፎቶ እንዳለ አይሄድም፤ ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅል ይጓዛል። እያንዳንዱ ጥቅል ከፊቱ ራስጌ የሚባል ጽሑፍ አለው። ርዝመቱ፣ የየትኛው ፎቶ ቁራጭ እንደሆነ፣ ዕድሜው፣ ከዚያ የላኪው አድራሻ፣ መጨረሻ ላይ የተቀባዩ፤ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ዕድሜ የሚባለው ቁጥር ነው። ጥቅሉ መንገድ የሚመራውን መሣሪያ፣ ራውተሩን፣ ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስበታል። ዜሮ ሲሆን ይጣላል። ባይጣል ኖሮ መንገድ የሳተ ጥቅል ለዘላለም ሲዞር ይኖር ነበር።

ትናንት መምህራችን ራስጌውን ራሳችን ሞልተን እንድንልክ አዘዘን። እኔ ዕድሜውን አንድ አልኩት። ብዙ መጠየቅ ነውር መስሎኝ እኮ ነው! ጥቅሌ የመጀመሪያው ራውተር ላይ ተጣለ። አፉ ስለማያርፍ ሬዲዮ የምንለው ልጅ፣ «ጥቅሏም እንደሷ ከደጅ አያልፍም!» ሲል ሁሉም ሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መምህሩ ግን አልሳቀም። ጥቅሌ መጣሉን ሊነግረኝ ራውተሩ የላከልኝን መልእክት አሳየኝና፣ «አየሽ፣ የላኪውን አድራሻ በትክክል ስለጻፍሽ ወሬው አንቺው ጋ ተመለሰ። በይ ዕድሜ ጨምሪለትና እንደገና ላኪው» አለኝ። ስድሳ አራት አደረግሁት። ሄደ፤ መልሱም መጣ። እማዬ፣ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ነገ የሱቁ ባለቤት ይመጣል። ራስጌውን ሰሌዳ ላይ ሥሎ በሁላችን ፊት በደንብ ለሚያስረዳ አንድ ሰው ሥራ ይሰጣል፤ ለሌሎቻችን ትምህርቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታላቅ ወንድሜን፣ አልጋዬን ከወረስከው አይቀር አንጥፈው ብላሃለች በይልኝ። ትንሿን እህቴን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ።

ስለ ራስጌ ያስረዳሁት የመጀመሪያ ሰው አንቺ ነሽ። ነገ «ማን ይጀምር?» ሲባል፣ ሬዲዮ አፉን ሳይከፍት እጄን አወጣለሁ። መሀል ላይ ቃል ቢጠፋኝም እንደገና እጀምራለሁ። ማታ ስትደውዪ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።

ልጅሽ